ኩራዙ ሁለት ቀን ጠፋ

ማክሰኞ ሐምሌ 8፤ ጠዋት 2፡00
ቅንጬው ምድጃ ላይ ይንተከተካል። ትናንት ራሴ የሸረከትኩት ነጭ ማሽላ። ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ ጨው ጣል፣ ክዳን ግጥም። ቅቤው ሲገባበት የሚወጣውን ሽታ አንቺ ደብተር ስለሆንሽ አታውቂውም፤ ታሳዝኚኛለሽ።

ሁለት ሳህን በላሁ። ሦስተኛውን ስቀዳ አክስቴ እትዬ ዘውዴ ሳቁብኝ። የጋኑ ማሽላ ግን ሊያልቅ ነው። የጓሮው የእህል ጉድጓድ ይከፈት አሉ። ሞልተን ከዘጋነው ሁለተኛ ዓመቱ።

ደስ አላለኝም። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ፣ ውሃው ጉድጓዱ አናት ላይ ተኝቶ ሰንብቷል። ግን ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ ለአንቺ አልደብቅም፤ እሑድ እንግዳ አለብኝ። ስለ ምግብ በምጽፍበት መጽሔት ላይ፣ ቅንጬ ከጉድጓድ በወጣ ማሽላ ካልሆነ ምኑን ቅንጬ ሆነ ብዬ ጻፍኩ። አዘጋጁ ፎቶ አንሺ ይዞ ሊመጣ ነው።

ረቡዕ 9፤ ከሰዓት
ጾም። ቅንጬ በዘይት። ያው ይበላል።

ጎረቤታችን አባ ሰይድ መጡ። የሰፈሩን ጉድጓድ ሁሉ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ጭቃውን ላጡ፣ ድንጋዩን አንከባለሉ። ሽታው! የጉድጓድ ማሽላ ይሸታል፤ የምንወደውም እሱን ነው። ይሄ ግን ሌላ ነው። እንደ ጥንስስ፣ አፍንጫ የሚይዝ።

እዚህ ሰው ከመውረዱ በፊት መብራት ይወርዳል። ኩራዝ ለኩሰው በገመድ ለቀቁት። ሁለት ክንድ ሳይሄድ ጠፋ፤ ታች የሚተነፈስ አየር የለም ማለት ነው። ተከፍቶ ይደር፣ ማንም እንዳይቀርበው፣ ብለው ሄዱ።

ሐሙስ 10፤ ጠዋት
ኩራዙ እንደገና ጠፋ። አባ ሰይድ አንድ ሳምንት ይተንፍስ አሉ። ሳምንት! እሑድስ?

እና እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ተደግፎ እያየ፣ ለሳቅ ያህል፦ «አባ ሰይድ፣ ዘንድሮ ፈሩ እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ምራታቸው ሳትቀር። እሳቸው አልሳቁም። «ቅዳሜ እወርዳለሁ። አንቺም ለእንግዶችሽ ታበያለሽ።»

ይቺን አፌን ምን ላድርጋት?

አርብ 11፤ ከሰዓት 9፡00
ዛሬ ምድጃ አልነካሁም።

የእትዬ ዘውዴ ቀይ ዶሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ፍሬ ስትለቅም ገባች። ሁለቴ ተራገበች። ከዚያ ጸጥ።  ኋላ እትዬ ዘውዴ ነገሩኝ፤ ልጅ ሳሉ ዋጃ የሚባል አገር አንድ ሰው እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ቀረ፤ ሊያወጣው የወረደው ወንድሙም እዚያው። ይሄን እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም? ለምን አልጠየቅኩም?

አባ ሰይድ ቤት ሮጥኩ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ ማለት ይቻላል። የኔ ጥፋት ነው፣ ቀልድ ነው፣ ይተዉት አልኩ። ሰው ሰምቷል አሉ። ስለ ዶሮዋ ነገርኳቸው። «ዶሮና ሰው አንድ ነው?» ገመዳቸውን ሲገምዱ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

አዘጋጁ ጋ ደወልኩ። እንዳትመጡ። ለምን ሲለኝ፣ የጻፍኩት ማሽላ ሰው ይበላል አልኩት። አልገባውም። ይቅር።

ወስኛለሁ። እትዬ ዘውዴም አብረውኝ ናቸው።

ቅዳሜ 12፤ ጠዋት 12፡30
ጓሮ ነኝ። ድንጋዩን ሁለታችን ገፍተን አፉ ላይ መለስነው። ወንበሬን ድንጋዩ ላይ አቆምኩ፤ ተቀመጥኩበት። ጭኔ ላይ አንቺ፤ እግሬ ሥር ሳህን። የጋኑ የመጨረሻ እፍኝ ማሽላ፣ ቅንጬ ሆኖ፣ ቅቤው የበዛ፣ ለአባ ሰይድ። እኔ አልቀመስኩም።

በአጥሩ በር ገቡ። ገመዱ ትከሻቸው ላይ ነው። ሐሙስ የሳቀው ሰው ሁሉ ከኋላቸው።

ሳህኑን አላዩትም። ተነሺ አሉኝ።

በሰው ሁሉ ፊት፣ የፈራሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።

ገመዱን ከትከሻቸው አወረዱ። ወደ ሳህኑ ይሁን ወደ ወንበሬ እግር ሳላውቅ እጃቸውን ዘረጉ። ያነሱት ሳህኑን ነው።