ቀና እንዳታደርጉት

ዓለሜ፣ የበላይ አባት፣

ከተለያየን ሰባተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ላለቅስብህ አይደለም። ልጃችን በላይ ድኗል፤ እፎይ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

በቅሎዋ የጣለችህ ቀን «አንገቴን» ብቻ ነበር የምትለው፤ እጅህም እግርህም ይንቀሳቀስ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ አዝኖልህ ተሯሩጦ መጣና «ቀና አድርጉት፣ ውሃ ይቅመስ» አለ። ቀና አደረጉህ። ራስህ ወደ ደረትህ ዘንበል አለ፣ ትንፋሽህ አጠረ፣ ማርቆስ ሆስፒታል ሳንደርስ አለፍክ። ማንንም አልተቀየምኩም፤ እኛ አገር የወደቀ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚባለው ይኸው ነው። ሐኪሙ ግን የላይኛው የአንገት አጥንትህ ተሰብሮ እንደነበር፣ እንደተጋደምክ ብትመጣ ተስፋ እንደነበረህ ነገረኝ። ነገሩ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ።

ዘንድሮ ደግሞ ያ ግትር ልጅህ ደብረ ኤልያስ ገበያ ከጤፍ ጭነት ላይ በአናቱ ወደቀ። «አንገቴን» ሲል ክው አልኩ። ሰዉም ያንኑ ቃል ይዞ መጣ። ተንበርክኬ ራሱን በሁለት እጄ ያዝኩና «ቀና እንዳታደርጉት! የሚነካው ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!» ብዬ ጮህኩ። አበደች አሉ፤ ይበሉ። ባለሱቁ ሐጂ የሱቃቸውን በር ነቅለው ሰጡን። እኩል አንስተን በሩ ላይ አጋደምነው፣ ጋቢ ጠቅልለን ከጆሮው ግራና ቀኝ ወተፍን፣ ግንባሩን በመቀነቴ ከበሩ ጋር አሰርን። ከነበሩ መኪና ላይ ጫንነው፤ እስከ ማርቆስ ሾፌሩን ቀስ በል እያልኩ ስጨቀጭቀው ነበር።

እዚያ አንገቱን በማሽን አዩት። ሁለተኛው አጥንት ተሰብሯል፣ ነርቩ ግን አልተነካም አሉ። ባሕር ዳር ተልኮ አጥንቱ በብሎን ታሰረለት፤ ከዚያም እስከ አገጩ የሚደርስ የአንገት መደገፊያ አጥልቆ ወራት ተቀመጠ። አሁንም ሰው ሲጠራው ከነትከሻው ነው የሚዞረው። «ኮራህብን» እያልኩ አበሽቀዋለሁ። ይሁን፣ በእግሩ ይሄዳል፣ በእጁ ይጎርሳል።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ መደገፊያውን አወለቀለትና «በል እንግዲህ፣ ቀና በል» አለው። ልጅህ ቀና አለ። እኔ ግን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያንን ቃል ካንተ ወዲህ በደስታ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

አልረሳህም፣ ዓለሜ። ልጅህን ያተረፈው ያንተ አንገት ነው። ሰው ወድቆ ባየሁ ቁጥር ራሱን ይዤ እጮሃለሁ፤ ከማን እንደተማርኩትም ስምህን ጠርቼ እነግራቸዋለሁ።

ያንተው ጥሩዬ