ሁለተኛው ቁልፍ

አሶሳ፣ ሰኔ 13 ቀን 1989 ዓ.ም.

ዘበኛውን ሐመድን ከሥራ የሚያሰናብተው ደብዳቤ የቀረው ማህተም ብቻ ነው።

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን አለህ? ጤናህስ? ዛሬ ጧት ቢሮህ አይቼሃለሁና ደህና መሆንህን አውቃለሁ። የምጠይቅህ እናታችን ያለ ሰላምታ ወረቀት አይጻፍም ብላ ስላሳደገችን ነው። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። የማህተም ቀለም እንዳመጣ ልከኸኝ ዕቃ ግምጃ ቤት ቆሜ ነው የምጽፍልህ።

ክልሉ ሲቋቋም ለየትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ ይመደብ ተባለና፣ አንተ ዳይሬክተሩ እኔን መደብከኝ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበርና ቁልፍ ያለው መሳቢያ ሰጠኸኝ። በርታኛ አልችልምና ለልጃገረዶቹ የምታስተረጉም ሴት ፈልግልኝ ብልህ ዘበኛውን ሐመድን አመጣህልኝ። ቋንቋ ወንድና ሴት የለውም አልክ፤ መምህራኑም ሳቁልህ። ልጆቹ በሐመድ በኩል የሚነግሩኝ ራስ ምታታቸውን ብቻ ነበር። አባታቸው የሚሆን ሰው ተቀምጦ ሌላ ምን ይበሉ?

የስምንተኛ ክፍሏ ብኸይታ ግን ሐመድ የእረፍት ደወል ሊመታ እስኪወጣ ጠበቀችና በራሷ አማርኛ ነገረችኝ። «መምህር፣ አባቴ ሰኔ ሠርግ ነው ብሏል። እኔ ፈተና ይፈልጋል። ባምባሲ አክስት አለ፣ እዚያ ይደበቃል።» ተማሪ የሚለውን ሁሉ መዝግቢ ያልከኝ አንተ ነህና ቃሏን እንዳለ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። መሳቢያውን ቆለፍኩ። ልጅቷ በሄደች በሳምንቱ አባቷ አልአሚን ባምባሲ ድረስ ሄዶ ከአክስቷ ቤት አወጣት።

አንተ ወዲያው ምስጢሩን ያወጣው ሐመድ ነው አልክ። ዘበኛ ምስጢር አይችልም፣ የአባትየውም ዘመድ ነው ብለህ ከሥራ አገድከው። ደወል ሲመታ የነበረ ሰው ያልሰማውን ከየት አምጥቶ ያወራል ብዬ ጠየቅኩህ። «እኛ እዚህ እንግዶች ነን። አልአሚን የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፣ ነገ ትልቅ ወንበር የሚይዘው እሱ ነው። አርፈሽ ተቀመጪ» አልከኝ። እኔ ስለ ሐመድ ጠየቅኩህ፤ አንተ ስለ አልአሚን መለስክልኝ።

ልጅቷ ዳግመኛ ጠፍታ እኔ ዘንድ ስትመጣ ደብተሩ ላይ «ቶንጎ፣ አንዲት መምህርት ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ቶንጎ የማውቃት መምህርት የለችም። ሐመድ ያኔ ግቢውን መርገጥ ከተከለከለ ሳምንት አልፎት ነበር። በሦስተኛው ቀን አልአሚን በአይሱዙ ተሳፍሮ ቶንጎ ሄደ። ዝናብ መንገዱን ቆርጦበት እዚያው ሰነበተ፤ ዛሬ ይገባል ይላሉ። የመሳቢያው ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ እኔ አንገት ላይ ነው።

በእኔ ጊዜ ደብተር አልነበረም። ከሠርግ ሸሽቼ የተደበቅኩበትን ለአባባ በአፍህ ነገርከው። ያልተፈተንኩበትን የስምንተኛ ክፍል መፈተኛ ቁጥሬን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ሌላ ቁጥር የተሰጠኝ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ልጅ ነበር፣ አላወቀም ብዬ ትቼልህ ነበር። አሁን ግን አርባ ሁለት ዓመትህ ነው።

ለሚስትህ ለቀነኒ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ሰሞኑን ሽሮው ለምን ቶሎ አለቀ ብለህ እንደተቆጣሃት ነግራኛለች። አትፍረድባት። ማድ ቤት የሚገባ ወንድ ብትሆን ኖሮ ምክንያቱን ራስህ ታውቀው ነበር። ዛሬ ማታ ብትገባ ግን ድስት እንጂ ሰው አታገኝም።

ፈተናው የሚያልቀው ዛሬ ነው፤ የቀረው ሳይንስ ብቻ ነው። ይህን ወረቀት ደብተሩ ውስጥ አድርጌ መሳቢያውን እቆልፍበታለሁ። ካልከፈትከው አታነበውም። የምትከፍተው ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ልጆቹ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠዋል።

ዕድሜውን ሰጥቶሃል፤ ጌታ ልቡንም ይስጥህ።

ሐመድ ከአጥሩ ውጪ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ሦስቱንም ቀን ልጅቷን መፈተኛው ትምህርት ቤት ያደረሳት እሱ ነው። አዲሱ የማህተም ቀለም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ወጥቻለሁ።

እህትህ