ከሎጋው የደበቅኩት ምክር

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት መውረዱን ቻለው? የአባባ ሳልስ ለቀቃቸው? ታላቅ እህቴ ይህን ስታነብልሽ መነጽርሽን አድርገሽ አጠገቧ እንደምትቀመጪ አውቃለሁ፤ ማንበብ ባትችዪም ፊደሉን ማየት ትወጃለሽ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም።

ባለፈው ደብዳቤሽ «ሁለተኛው ልጄ ሎጋው እንዴት ነው?» ብለሽኛል። በዕረፍት ቤታችን መጥቶ የሚያፈሰውን ጣሪያ ወንበር ላይ ብቻ ቆሞ የደፈነልሽን የመኝታ ክፍል ጓደኛዬን ማለትሽ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ዝም ያልኩሽ ለዚህች ጥያቄ መልስ አጥቼ ነው።

እዚህ አናሊሲስ የሚባል የሒሳብ ትምህርት አለ። ቁጥር መደመር አይደለም፤ አንድ ነገር ለምን እውነት እንደሆነ ከሥሩ ማስረዳት ነው። ብዙ ተማሪ እዚያ ላይ ይወድቃል። ዘንድሮ ሁለት ፕሮፌሰሮች ስለሚያስተምሩት ከአንዳቸው ጋር መርጠን መመዝገብ ነበረብን። ሎጋው የሚጠይቀው ሰው የለውም፤ እኔ ግን ከእኛ ቀድሞ የገባ የሰፈራችን ልጅ አለኝ። «እስቲ ጠይቅልን፤ አንተ ያልከኝን እመርጣለሁ» አለኝ ሎጋው።

የሰፈራችን ልጅ አልደበቀኝም። ተማሪው «ምላጯ» የሚላቸው ሴት ፕሮፌሰር ፊታቸው አይፈታም፤ ያልገባው ተማሪ እያለ ግን ከሰሌዳው ንቅንቅ አይሉም። «ሳቂታው» ደግሞ ሰዓቱን በጨዋታ ይጨርሱና ፈተና ላይ ያላስተማሩትን ያመጣሉ። «ምላጯ ጋ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ፍጠን» አለኝ።

ፈጠንኩ እማዬ። በስሜ ካስያዝኩ በኋላ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሎጋው ፊት ቆምኩ። «ሁለቱም ያው ናቸው አሉ፤ እንዲያውም ሳቂታው ሳይሻሉ አይቀሩም» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። አምና ሒሳቡ አልገባ ሲለኝ፣ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሳምንት ሙሉ እየደጋገመ ያስረዳኝ እኮ እሱ ነው።

ውጤት ሲለጠፍ እኔ አለፍኩ፣ እሱ ወደቀ። ስሙን ሦስት ጊዜ በጣቱ ተከትሎ አየና ወደ እኔ ዞሮ «እንኳን አንተ አለፍክ» አለኝ። ምነው በሰደበኝ!

አላስቻለኝም። ምላጯ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናዘዝኩና ለሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ቦታ እንዲሰጡት ለመንኳቸው። «ያልተመዘገበም ገብቶ ያዳምጣል» አሉኝ። «አምስት ልጆች ከኋላ ቆመው ይማሩ ነበር፤ አላየሃቸውም?» አይቻቸዋለሁ እማዬ። በየቀኑ አይቻቸዋለሁ። አንድ ቀን «ና አብረን እንግባ» አላልኩትም፤ ውሸቴ ይወጣብኛል ብዬ።

ከዚያ ወጥቼ ሎጋውን ልብስ ሲያጥብ አገኘሁትና ነገርኩት። እጁን ከውሃው ሳያወጣ እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ብትነግረኝማ ቦታውን ላንተ እተውልህ ነበር» አለ። በማግስቱ ዕቃውን ይዞ ሌላ ክፍል ገባ። አሁን ከምላጯ ጋር እንደገና እየተማረ ነው፤ በደንብ ገብቶታል ይላሉ። መንገድ ላይ ሰላም ይለኛል፤ ከሰላምታ ግን አያልፍም።

እህቴ፣ እባክሽ ይህን ሳትዘዪ አንብቢላት፤ አባባም ይስሙት። ለዕረፍት ብቻዬን ስመጣ ደጅ ላይ «ወንድምህን የት ጣልከው?» እንዳትሉኝ ብዬ ነው።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። አክስቴን፣ ታናሽ እህቴንና ግድግዳ የምትጋራንን ጎረቤታችንን በያሉበት ሰላም በዪልኝ።

በደለኛው ልጅሽ

ከተማሪዎች መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
የካቲት 19 ቀን