ቶቢ የነቀለው ኮንክሪት

ለውድ ልጄ ለሮዌና፣

ጤናና ሰላም ከነባልሽ ይብዛላችሁ፤ የአውስትራሊያ ፀሐይም ይራራላችሁ። ኮፍያ ሳታደርጊ አትውጪ። እኛ ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል።

የተናደድኩበትን ልንገርሽ። በጦርነቱ ጊዜ የጀርመን ታንክ ከባሕር ወጥቶ እንዳያልፍ በሜዳችን ዳር ከተደረደሩት የኮንክሪት ብሎኮች አንዱን ጎረቤታችን ቶቢ የከብት በሩን ለማስፋት ነቀለው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ጭቃው ላይ በሰንሰለት የሚሄድ ከባድ ተሽከርካሪ ዱካ እናገኛለን። ከባሕሩ በኩል መጥቶ በክፍተቱ ይገባል፤ መመለሻ የለውም። የቶቢ ትራክተር ደግሞ ባለ ጎማ ነው። ላሞቹ ዱካውን አይሻገሩም።

«ብሎኩን ቦታው መልስ» አልኩት።

«ጀርመኖቹ መጡ እንዴ መምህር?» ብሎ ሳቀ። «በጣም ዘግይተዋላ! ሻይ ያፍሉላቸው።»

እንዲህ ያለ የሙት መንፈስ ወሬ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ምክንያቱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ዛሬ ጠዋት እናትሽ መጋረጃውን ገለጠችና ጠራችኝ። አጥራችን አልተሰበረም፤ ዱካው ግን መኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ደርሷል።

ቶቢ ድሮም የሚሰማው አብረሽው ያደግሽውን አንቺን ነው። እባክሽ ይህ እንደደረሰሽ ደውዪለት፤ ብሎኩን ይመልስ።

እግዚአብሔር አንቺን በሄድሽበት፣ እኛን በተኛንበት ይጠብቀን።

አባትሽ