የቤንዚኑ ክዳን

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ
ኖቬምበር 12 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.

ሀብቴ፣

እንዴት ከርመሃል? የቬጋስ በረሃ እንዴት ይዞሃል? ስልኬን ስለማታነሳ ነው ወረቀት የያዝኩት። እኔም ልጃችንም ደህና ነን፤ ሱቁም እንደ ነገሩ ይሄዳል። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ቀረጥ ነው። አትሳቅ።

ከዚህ ወር ጀምሮ እዚህ የቤንዚን ቀረጥ ጨምሯል። ጋሼ ንጋቱ ያን አሮጌ ቫናቸውን ሞልተው፣ በርበሬ ሊገዙ ሲገቡ ወርቁን ሱቅ ውስጥ አገኙት። ወርቁ የሚነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነው።

«አንተ በእኔ የጋዝ ቀረጥ በተሠራ መንገድ በነፃ ትንሸራሸራለህ!» አሉት።

«ጋሼ፣ እኔኮ አየሩን አላቆሽሽም። ሶ፣ ትንሽ ዲስካውንት አይገባኝም?»

«ሮዱን ግን እኩል ዩዝ ታደርጋለህ!»

ሁለቱም እውነት የያዙ መሰለኝ። የመንገድ ማሠሪያው ቤንዚኑ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ እንደሚከፈል የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ሱቅ የገባውን ሁሉ እጠይቃለሁ። ስቴቱ በተነዳው ማይል ማስከፈልን ሞክሮት ነበር አሉ። ደግ ነው ስል ሣራ ትዝ አለችኝ፤ ከሱቃችን ጎን ባለው ምግብ ቤት የምታስተናግደው። ኪራይ ሸሽታ ፓልምዴል ገብታለች፤ በየቀኑ ያን ሁሉ መንገድ ትነዳለች። ማጣቷ ላራቃት ሰው በርቀቷ መቀጣት አይከብድም? በመኪናው ክብደት ይሁን ስል ደግሞ ወርቁ ባትሪው ከባድ ነውና ተቆጣ። ኤልዳና «ማሚ፣ መኪና መመዝገቢያው ዲኤምቪ ልትቀጠሪ ነው?» እያለች ትስቅብኛለች።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። በተጣላን ማግስት ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ ሁልጊዜ ቤንዚኑ ሙሉ ነበር። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም፤ እርቅህ እሱ ነበር። አንተ የታክሲ ሥራ እዚህ ሞቷል፣ ቬጋስ ይሻላል ብለህ፣ እኔ ሱቄን አልለቅም ብዬ ከተለያየን በኋላ መጀመሪያ ልሞላ ስሄድ፣ ክዳኑ በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም ነበር። ማደያው ውስጥ ስዞር ሰው ሳቀብኝ። ያን ያህል ዘመን በራሴ መኪና! ለካ እኔ የሄድኩበትን መንገድ ቀረጡን ስትከፍል የኖርከው አንተ ነህ። አላመሰገንኩህም።

አሁን ወርቁ መኪና ሊቀይር ነው፤ የድሮውን በደህና ዋጋ ልስጥሽ ብሎኛል። የኔዋ አርጅታለች። ኤልዳናም ውሰጂ እያለች ነዘነዘችኝ። ሁሉም የቀረጡን ነገር ስጠይቅ ለገንዘቡ የሳሳሁ መስሏቸዋል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው ቀረጥ ነው። ያን መኪና ከገዛሁ የሚሞላ ነገር የለውም። እስከ ታንክስጊቪንግ ታገሠኝ ብዬዋለሁ።

ለበዓሉ ልጅህን ልታይ ከመጣህ፣ የመኪናዬ ቁልፍ እንደ ድሮው ከበሩ ኋላ ሚስማሩ ላይ ነው። ቤንዚኗን አልሞላኋትም።

መንገድህን ገብርኤል ይጠብቅልህ፤ በሌሊት አትንዳ።

ሰርክ

ክዳኑ በግራ በኩል ነው፤ ለነገሩ አንተ ታውቀዋለህ።