የአባባ የተራራ ሱሪ

ለምወድሽ እትዬ፣

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ፣ እንቅልፍሽስ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ጥርስስ? ባለቤትሽ ማንኮራፋቱን ተወ ወይስ አንቺ ለመድሽው? ትንሿስ መራመድ ጀመረች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም፤ የእማዬ ቁጣማ ሞልቶ ተርፎናል።

አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። በስልክ፣ አባባ ተራራ የሚባል ነገር እንዳያስቡ ጠብቂያቸው ብለሽኝ አልነበር? ጠበቅኳቸው። እስከ ጫፉ ድረስ አብሬ ወጥቼ ጠበቅኳቸው።

ቆይ፣ አትቆጪ። ሐኪሙ ሳንባቸው እንደዳነና ቀስ እያሉ መራመድ እንደሚችሉ ከነገራቸው ወዲህ አባባ አላስቀምጥ አሉን። ደንበኛ ክንዱን ዘርግቶ እየጠበቀ፣ እሳቸው ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው በመስኮት ኮረብታውን ያያሉ። በመጨረሻ እማዬ ሰለቻትና ፍርድ ሰጠች፦ ሳይደገፉ ወጥተው ሳይደገፉ ከተመለሱ እንደ ድሮው በየሳምንቱ ይሂዱ፤ ማንም ክንዳቸውን ከያዘ ግን የተራራ ጫማቸው ለጎረቤታችን ዘበኛ ይሰጣል። ምስክሯ እኔ ሆንኩ።

ዛሬ ጠዋት አባባ፣ እኔና ፀጉር አስተካካዩ ጓደኛቸው ጋሽ ምላጭ ወጣን። ጋሽ ምላጭ፣ ያለ እሱ አልወጣም ብለው አባባ ታመው በከረሙበት ጊዜ ሁሉ ቁጭ ብለው ከርመዋል። ታማኝነታቸው ሆዳቸው ላይ ይታያል! አባባ ደግሞ ደከመኝ ማለት አይሆንላቸውም። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ቆም ይሉና ስለ ልብስ ያስተምሩኛል። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ስለ ኮሌታ፣ ቀጥሎ ስለ ኪስ፣ ገደሉ አጠገብ ስለ ገበር። ጋሽ ምላጭ እያለከለኩ፣ እባክህ ስለ ገበሩ ዘርዘር አድርገህ ንገራት ብለው ይለምኗቸዋል። እኔ ሳቄን ውጬ፣ እሺ አባባ፣ እሺ አባባ እላለሁ። ግን እትዬ ሙች፣ ሙሉ ኮት አስተማሩኝ እንጂ እጃቸውን አልሰጡኝም። አንዴ ጠጠሩ ሲንሸራተትባቸው እጄ ሳላዘው ተዘረጋ። አዩትና፣ ኪስሽ ውስጥ ክተቺው አሉኝ። ከተትኩት።

ጫፉ ላይ ያለውን ትልቅ ድንጋይ ለመውጣት እግራቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሱሪያቸው ከኋላ ትርትር አለ። የልብስ ሰፊ ሱሪ! ጋሽ ምላጭ ሣሩ ላይ ተዘርረው ሳቁ። አባባም በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ሳቁ፤ ሳያስላቸው ሳቁ። ያን ሳቅ ከታመሙ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ሕመሙ አክስቷቸው ሱሪው ወገባቸው ላይ አልቆም ሲል ራሳቸው አጠበቡት። ትርፉን ጨርቅ ግን አልቆረጡትም። ወደ ውስጥ አጥፈው፣ ቶሎ እንዲፈታ በላላ ስፌት ብቻ ያዝ አደረጉት፤ ከዚያ ረሱት፤ ሰውነታቸው ሲመለስ ድንጋዩ ላይ የተፈታው ያ ስፌት ነው። እኛ በር ላይ ስናንሾካሹክ፣ አንቺ በስልክ ስታለቅሺ፣ እሳቸው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ለሚመለሰው ሥጋቸው ቦታ እያስቀመጡ ነበር። ታውቂኛለሽ፣ በማንም ማሾፍ አይከብደኝም። ያኔ ግን ሳላሾፍ ሹራባቸውን አቀበልኳቸው።

እሱን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ማንም ሳይነካቸው ቤት ገቡ። እማዬ ማን ያዛቸው ብላ አፋጠጠችኝ፤ ማንም አልኳት። ጎንበስ ብላ ጫማውን ከእግራቸው አወለቀችና ጭቃውን እያራገፈች ወደ ቦታው መለሰችው። እንግዲህ አንቺም ክልከላሽን አንሺ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ አማትሽን እጅ ንሺልኝ፤ የትንሿን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሚልኝ። እማዬ በደንብ ብይ ብላሻለች። ጋሽ ምላጭ ጉልበታቸውን እያሹ ሰላም ብለውሻል። አባባ ሱሪውን በሙሉ ስፋቱ በጠንካራ ክር ሰፍተው ጨርሰው፣ አሁን ላንቺ ቀሚስ ጀምረዋል። ልክሽ ተለውጦ ይሆናል ብላቸው፣ ግድ የለም፣ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌላታለሁ፣ ስትመጣ እፈታዋለሁ አሉኝ።

ታናሽ እህትሽ

ከአባባ የስፌት መኪና አጠገብ
እሑድ፣ ጥር 24