በዝይዋ ስር

አይ፣ አልጃጀሁም! ስልክ ቀስሬ መንገድ ለመንገድ ፎቶ ሳነሳ ብታየኝ ምን እንደምትል ስለማውቅ ነው ቀድሜ የመለስኩልህ።

በል አሁን እንደ ወጉ፤ የልጆቼ አባት፣ እንደምን ከረምክ? ያ ሳልህ እዚያም አልለቀቀህ? ምራታችን ፑይ ሺን ደብዳቤውን በትከሻዬ አሻግራ እያነበበች «እማማ፣ የሞተ ሰው እኮ አያስልም» ትለኛለች። አንቺ በምን አወቅሽ፣ ሄደሽ መጣሽ ወይ አልኳት።

እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ወሬው ስለ ዝይዋ ነው። የሎ ዝይ ጥብስ ቤት በር ላይ ለማስታወቂያ የተሰቀለችው፣ የመብራት ቱቦዋን በእሳት አለስልሰህ፣ በአፍህ እየነፋህ አንገቷን ያጎበጥካት። ጭራዋን ስትሠራ ጣትህን አቃጥለህ እኔን የተቆጣኸኝ! ሰው ላይ ትወድቃለች፣ ትውረድ ብለው የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ወረቀት ለጠፉባት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልወደቀችውን።

እኔም ለመቃብር ጠረጋው ቀን፣ በየዓመቱ ከማቃጥልልህ የወረቀት ልብስና ጫማ ጋር ፎቶዋንም አቃጥዬ ልልክልህ አሰብኩ። ማምሻውን ስትበራ አነሳኋት። ስታምር! ከስሯ ዓሣ ሻጩ ካም ቾይ በቀይ ብርሃኗ ፊቱ ቀልቶ፣ ሁለት ተማሪዎች አንድ ጃንጥላ እየተሻሙ፣ የሎ ሚስት ሰሃን ተሸክማ። ፑይ ሺን አይታ ጮኸች፦ «በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ ለሙት ይቃጠላል እንዴ? ሊገድሏቸው ነው?» እውነቷን ነው፣ ረስቼው።

ከዚያ ወዲያ ሰው የሌለበት ላነሳ ስንት ቀን ተገተርኩ። ካም ቾይ «እትዬ፣ ዞር በል ዞር በል ሲሉኝ ዓሣዬ ሸተተ» አለኝ። ዓሣህማ የሸተተው እኔ ሳልመጣ ነው አልኩት። ትናንት ዝናብ ጣለ፣ መንገዱ ጭር አለ፤ ባዶዋን አነሳሁ። ቤት ገብቼ ሳያት አስጠላችኝ። አንተ የሠራሃት ለሰው አልነበር?

ፑይ ሺን አሁን ጓዳ ስለገባች ልንገርህ። ሌላ አንድ ፎቶ አለች። በሱቁ መስኮት መስታወት ላይ ዝይዋ በርታ፣ ከጎኗ አንዲት አሮጊት ስልክ ይዛ። ጉንጯ ቀልቶ ልክ የሠርጓ ዕለት መስላለች። ሌላ ሰው የለባትም። ፖስታው ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ለማንም አላሳየኋት።

የልጅ ልጆቻችንን ከክፉ ጠብቅልን። እግርህ አይብረድህ፤ ካልሲ ጨምሬልሃለሁ። ከጎንህ ትንሽ ቦታ ያዝልኝ፤ አልቸኩልም፣ አልፈራምም።

በሩ ተንኳኳ። ሎ ነው፦ «እትዬ፣ መሰላል አቁመዋል! ሳያወርዷት አንዴ ላበራት ነው፣ ቶሎ ይምጡ!» ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል መሰለኝ፣ ጫጫታው እዚህ ይሰማል። አሁን የማነሳት ፎቶ ደግሞ ለእኛ ትቀመጥ፣ ሰው በሰው ሆና።

ፑይ ሺን፣ መጣሁ በይው!

የልጆችህ እናት